ዋስ ያጣ ሕዋስ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ አንድ ዘረ መል ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ምርጫውን ለእኔው ትቶልኝ ነበር። ፕሮቲን የሚሠሩት የሰው ልጅ ዘረ መሎች ቍጥር ወደ 20,000 የሚጠጋ በመሆኑ ምርጫው የሚያስቸግር ይመስላል። እኔ ግን አልተቸገርሁም። ለብዙ ዓመታት ከኅሊናዬ ያልጠፋ አንድ የደም ስላይድ አለ፤ ዘረ መሉን የመረጠልኝ እርሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው የአንድ ወንድ ልጅ ደም ወደምሠራበት ላቦራቶሪ መጣ። በመጠየቂያው ወረቀት ላይ የሰፈረው «ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ በቆዳ ላይ የደም ነጠብጣብ» የሚል ብቻ ነበር። ፕላትሌቶቹን ቈጠርሁ፤ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ቍጥሩን ጻፍሁ፤ ፈረምሁ፤ ላክሁ። ይሁን እንጂ ያየኋቸው ፕላትሌቶች ጥቂት ብቻ አልነበሩም፤ እንደ አቧራ የደቀቁም ነበሩ። «ቀለሙ በደንብ አልያዘ ይሆናል» ብዬ አለፍሁት፤ ስለ መጠናቸው አንዲት ቃል እንኳ አልጻፍሁም። ከጥቂት ወራት በኋላ እናቲቱን በሆስፒታሉ በር አገኘኋት። ልጁ አብሯት አልነበረም። ከእርሱ በፊትም አንድ ወንድ ልጅ በተመሳሳይ ሁኔታ እንደ ሞተባት፣ በመካከል የተወለደችው ሴት ልጇ ግን ደኅና እንደ ሆነች ነገረችኝ። «ሾተላይ ነው ይሉኛል» አለች። እኔም ለማጽናናት ያህል አንድ ሁለት ቃል ተናግሬ ተለየኋት።

የዚያ ልጅ በሽታ ይህ ነበር ብዬ ዛሬ በእናንተ ፊት ለመመስከር አልደፍርም፤ ምርመራው አልተደረገለትምና። ነገር ግን ጥቂትና ደቃቅ ፕላትሌት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የሚሞቱ ወንድማማቾችና ጤናማ እኅት በአንድ ቤት ሲገኙ፣ ማንኛችንም ልናስበው የሚገባ አንድ ዘረ መል አለ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ዘረ መል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ዘረ መሉ በሳይንስ አጠራሩ «ዋስ» ይባላል። ስያሜው የመጣው ከአንድ በሽታ ሲሆን፣ በሽታው ደግሞ ስሙን ያገኘው ከሁለት የሕፃናት ሐኪሞች፣ ከጀርመናዊው ከዊስኮትና ከአሜሪካዊው ከኦልድሪች ነው፤ ሦስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት የ«ዊስኮት ኦልድሪች ሲንድሮም» መነሻዎች ናቸው። በእኛ ቋንቋ ዋስ ማለት ምን እንደ ሆነ ላስረዳችሁ አያስፈልግም። የፊደላቱ መገጣጠም ከአጋጣሚ በቀር ሌላ ምክንያት የለውም፤ «ሕዋስ» በሚለው ቃላችን ውስጥ «ዋስ» መገኘቱም እንደዚሁ። ሆኖም ይህ ዘረ መል የሚሠራውን ፕሮቲን ጠባይ ሳስተምር ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ አጥቼ አላውቅም ብል ይቀለኛል፤ ዋስ ተጠርቶ እስኪቀርብ ድረስ ከቤቱ የሚቀመጥ፣ ሲጠራ ግን ነገሩን የሚያስጀምር ሰው ነውና።

አልፍሬድ ዊስኮት በ1937 በሙኒክ ከተማ የሦስት ወንድማማቾችን ታሪክ አሳተመ። ሦስቱም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይደማሉ፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አለባቸው፤ ቆዳቸውን ችፌ ወርሶታል፤ ጆሯቸው በተደጋጋሚ ይመግላል። እኅቶቻቸው ግን ጤነኞች ነበሩ። በዚያ ዘመን የፕላትሌት ማነስ ሁሉ በአንድ የቆየ ስም፣ የቬርልሆፍ በሽታ በሚል ይጠራ ነበር። ዊስኮትም ለጽሑፉ «በቤተሰብ የሚወረስ፣ አብሮ የሚወለድ የቬርልሆፍ በሽታ» የሚል ርዕስ ከሰጠው በኋላ፣ በመጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አኖረበት። በበኩሌ ከጽሑፉ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ያችን የጥያቄ ምልክት ነው። የታወቀው ስም እንዳልገጠመለት ያውቅ ነበር፤ የሚገጥመው ስም ግን ገና አልተፈጠረም።

ከ17 ዓመታት በኋላ፣ በ1954፣ ሮበርት ኦልድሪችና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የሚኖር ዘሩ ከሆላንድ የሆነ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ የትውልድ ሐረግ አሳተሙ። በሐረጉ ውስጥ የሚሞቱት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ የሚያስተላልፉት ደግሞ ራሳቸው የማይታመሙ ሴቶች። በሽታው ከኤክስ ክሮሞሶም ጋር የተያያዘ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ዘረ መሉ ራሱ የተገኘው ሌላ 40 ዓመት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ በ1994 ዴሪ፣ ኦክስና ፍራንኬ የተባሉ ተመራማሪዎች በኤክስ ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ለይተው አወጡት። የሚሠራው ፕሮቲን 502 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን ዋስፕ ይባላል። በ2006 ደግሞ የሙኒክ ሐኪሞች የእነዚያኑ የሦስቱን ወንድማማቾች ቤተሰብ ተወላጆች ፈልገው በማግኘት ዘረ መሉን መረመሩ፤ ከመጀመሪያው የዘረ መሉ ክፍል ውስጥ ሁለት ፊደላት ብቻ ጐድለው ተገኙ። የጥያቄ ምልክቱ መልስ ያገኘው ከ69 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

አሁን ዋስፕ በሕዋስ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ለዚህ አስቀድመን ስለ አክቲን ጥቂት መናገር ይኖርብናል።

አክቲን የተገኘው በ1942 ሀንጋሪ ውስጥ በሴጌድ ከተማ ነው። ብሩኖ ሽትራውብ በሴንት ጆርጂ ላቦራቶሪ ሲሠራ ከጡንቻ ለይቶ አወጣው። ለ20 ዓመታት ያህልም የጡንቻ ፕሮቲን ብቻ ተደርጎ ሲቈጠር ቈየ። በ1966 ግን ሃታኖና ኦሳዋ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪዎች ጡንቻ ከሌለው ዝቅተኛ ፍጡር ውስጥ አገኙት። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ኒውክሊየስ ባለው ሕዋስ ሁሉ ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ፕሮቲኖች አንዱ አክቲን ነው። አንዱ ቅንጣት 375 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን፣ ቅንጣቶቹ እንደ መቍጠሪያ እየተያያዙ ውፍረቱ 7 ናኖሜትር የሆነ ክር ይሠራሉ። ይህ ከአንድ ጠጉር ወደ 10,000 ጊዜ ያህል የቀጠነ ነው። ክሮቹ ተሰባስበው የሕዋሱን አጽም ያቆማሉ።

«አጽም» የሚለው ቃል ግን ሊያሳስተን ይችላል። አጥንታችን አንድ ጊዜ ከቆመ የሚቆይ ነው፤ የሕዋስ አጽም ግን በየደቂቃው ይተከላል፣ ይነቀላል። በምስል ለማስረዳት ካስፈለገ ሕዋስ የሚኖረው ምሰሶና ማገሩ ለዘመናት በሚቆም ጎጆ ውስጥ ሳይሆን በዳስ ውስጥ ነው። ሠርግ ሲመጣ ዳሱ በአንድ ሌሊት ይጣላል፤ ሲያልፍ እንጨቱ ተነቅሎ ለሌላ ይውላል። ነጭ የደም ሕዋስ ወደ ባክቴሪያ ሲሄድ በፊቱ ዳስ እየጣለ፣ በኋላው እያፈረሰ ነው የሚጓዘው።

ታዲያ አዲሱ ክር የት እንደሚጀመር የሚወስነው ማን ነው? አክቲን በራሱ አዲስ ክር ለመጀመር እጅግ ዳተኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጀመረ ግን ፈጥኖ ያድጋል። ስለዚህም ሕዋሱ አስጀማሪ ያስፈልገዋል። ዘረ መሉ በተገኘበት በዚያው በ1994፣ ከዚህ በሽታ ጋር ምንም ግንኙነት ባልነበረው ሌላ ምርምር፣ ማቼስኪ፣ ፖላርድና ባልደረቦቻቸው ከአንድ አሜባ ውስጥ አርፕ 2/3 የተባለ ከሰባት ፕሮቲኖች የተሰናዳ ውህድ አገኙ። ይህ ውህድ በነባር የአክቲን ክር ጎን ላይ ተጣብቆ በ70 ዲግሪ ያህል አንግል አዲስ ቅርንጫፍ ያበቅላል። ቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ እያወጣ ሲሄድ የሕዋሱ ገላ ወደ ፊት ይገፋል። ነገር ግን አርፕ 2/3ም ቢሆን ብቻውን ሲቀመጥ ሥራ ፈት ነው። እርሱን የሚቀሰቅሰው ዋስፕ መሆኑ በ1990ዎቹ መጨረሻ ታወቀ። የአሜባው ተመራማሪና የሕፃናቱ ሐኪም ሳይተዋወቁ የአንድ ሰንሰለት ሁለት ጫፎች ይዘው ኖረዋል ማለት ነው።

የዋስፕ አሠራር በእኔ ግምት የነገሩ ሁሉ ፍሬ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት እንድቈይበት ፍቀዱልኝ። የፕሮቲኑ ጭራ አርፕ 2/3ንም የአክቲን ቅንጣትንም ይዞ የሚያገናኝ ነው። ቢሆንም በዕረፍት ጊዜ ይህ ጭራ ወደ መካከል ተመልሶ በራሱ በዋስፕ ገላ ውስጥ ይሸጐጣል። ልክ እንደ ሰንጢ ነው፤ ስለቱ በእጀታው ውስጥ ታጥፏል። ሕዋሱ ከውጭ መልእክት ሲደርሰው ሲዲሲ 42 የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ይነቃና ከዋስፕ መካከለኛ ክፍል ጋር ይያያዛል። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለ አንድ የቅባት ዓይነትም ያግዘዋል። ያን ጊዜ ሰንጢው ይከፈታል፤ ጭራው ይለቀቃል፤ ክሩም ይጀመራል። የአሜሪካው ሚካኤል ሮዘንና ባልደረቦቹ በ2000 የዚህን መታጠፍና መከፈት ዝርዝር ቅርጹን አሳይተዋል። የዋስፕ የፊተኛው ጫፍ ደግሞ ዊፕ ከተባለ ሌላ ፕሮቲን ጋር ዘወትር ተያይዞ ይኖራል፤ ዊፕ ከሌለ ዋስፕ ፈጥኖ ይፈርሳል። ለዋስም ዋስ አለው እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ዋስፕ የሚገኘው በደምና ከደም መቅኔ በሚወለዱ ሕዋሳት ውስጥ ብቻ ነው። በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ኤን ዋስፕ የተባለ የቅርብ ዘመዱ ነው። የልጁ ልብ፣ ጕበትና አንጎል በአሠራራቸው ደኅና ሆነው ደሙ ብቻ የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ላንሣ። ሁላችንም በየቀኑ የምናውቀው ሺጌላ የተባለው የተቅማጥ ባክቴሪያ የአንጀታችንን ሕዋስ ከገባ በኋላ ይህንን ኤን ዋስፕን ይጠራና ከኋላው የአክቲን ጭራ ያሠራል፤ በእርሱም እየተገፋ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ይሻገራል። ባክቴሪያው በሰው ዋስ ተበድሮ እንደሚነግድ አጭበርባሪ ነው። በሽተኛው ልጅም ባክቴሪያ የጐዳው ልጅም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ፤ አንዱ ዋሱን ያጣ፣ ሌላው ዋሱ የተሰረቀበት። በሰገራ ምርመራ ባክቴሪያ ባይገኝ ጉዳዩ አለቀ ብለን እንዳናስብ ይህን ማወቁ ይበጃል።

ዋስፕ ሲጐድል ምን ይሆናል? ነጭ የደም ሕዋስ ወደ ቍስሉ የሚሄድበት እግር ይሰንፍበታል። ማክሮፋጅ የሚይዝበትን ትንንሽ የእግር ጣት የመሰለ መጣበቂያ መሥራት ይሳነዋል። ቲ ሕዋስ ጠላትን ለመለየት ከሌላ ሕዋስ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት ገጽ በወጉ አይደራጅም። ከዚህ የተነሣ ልጁ በጆሮ፣ በሳንባና በደም መመረዝ ይጠቃል። የመከላከያው ሥርዓት ገመድ ስለ ላላም ችፌው ይበረታል፤ አንዳንዱም ሰውነት የገዛ ራሱን ይወጋል፤ ዕድሜ ሲገፋ የሊምፍ ካንሰር ይከተላል። ፕላትሌትን በሚመለከት ደግሞ፣ በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር እንዳሳየው፣ በመቅኔ ውስጥ ያለው ታላቁ እናት ሕዋስ ፕላትሌቶቹን ወደ ደም ሥር ከማድረሱ በፊት ያለ ጊዜያቸውና ያለ ቦታቸው ይጥላቸዋል፤ የተረፉትንም ጣፊያ ያጠፋቸዋል። በመጠናቸው የጤነኛውን ግማሽ ያህል ብቻ ናቸው። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 የማያንሱት ፕላትሌቶች በእነዚህ ልጆች ከ70,000 በታች፣ አንዳንዴም እጅግ ዝቅ ብለው ይገኛሉ።

እስካሁን ከ300 በላይ የዚህ ዘረ መል ልዩ ልዩ ለውጦች ተመዝግበዋል። ፕሮቲኑን ጨርሶ የሚያጠፉት ከባዱን በሽታ ያመጣሉ፤ አንዱን አሚኖ አሲድ በሌላ የሚተኩት ብዙ ጊዜ ፕላትሌትን ብቻ የሚያሳንስ ቀላል ዓይነት ያመጣሉ። ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን በ2001 በቤልጅግ ተመራማሪዎች የታተመ ሌላ ቤተሰብ ነው። በዚያ ቤተሰብ ወንዶች ዋስፕ አልጐደለም። በ270ኛው ቦታ ላይ ያለው ሉሲን በፕሮሊን በመተካቱ ሰንጢው መታጠፍ ተሳነው፤ ዘወትር እንደ ተከፈተ ቀረ። ሲዲሲ 42 ቢጠራውም ባይጠራውም ሥራ ላይ ነው። ትጋት ያተረፈ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ለኢንፌክሽን የሚጋለጡ ሆነዋል፤ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋሳቸው እጅግ አንሶ ተገኘ። ፕላትሌታቸው ግን እንደ ዊስኮት ልጆች አልደቀቀም። አንድ ዘረ መል ሲጐድልም ሲበዛም እንዲህ በተለያየ መንገድ የሚጐዳ ከሆነ፣ ዋጋው በመሥራቱ ብቻ ሳይሆን ሳይጠሩት ዝም ብሎ በመቀመጡም ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው የእናቶቹ ጉዳይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞሶሞች ስላሏት በእያንዳንዱ ሕዋሷ ውስጥ አንደኛው ይዘጋል። ተሸካሚ የሆነች እናት በዕጣ ቢሆን ግማሹ የደም ሕዋሷ ዋስፕ ያጣ መሆን ነበረበት። ነገር ግን የደሟ ሕዋሳት ከሞላ ጐደል ሁሉም ጤናማውን ክሮሞሶም የሚጠቀሙ ሆነው ይገኛሉ፤ ዋስ ያጡት በመቅኔ ውስጥ ባለው እሽቅድድም ይሸነፋሉና። ስለዚህም እናቲቱ ደሟ ሲታይ ምንም የለባትም። በአንዳንድ በሽተኛ ልጆችም ላይ የተበላሸው ፊደል በአንድ ሕዋስ ውስጥ በአጋጣሚ ተቃንቶ፣ ያ ሕዋስ ተራብቶ ሲገኝ ታይቷል። ይህ የተፈጥሮ ፍንጭ ለሕክምናው ትልቅ ተስፋ ሰጠ፤ ጥቂት ጤናማ ሕዋስ ብናስገባ ራሱ ቦታውን ያሰፋል የሚል ተስፋ።

ሕክምናውን በአጭሩ ላውሳ። በ1968 ፍሪትዝ ባክና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በዊስኮንሲን ለዚህ በሽታ መቅኔ አዛወሩ፤ በሰው ላይ ከተሳኩት የመጀመሪያዎቹ የመቅኔ ዝውውሮች አንዱ ነው። ሆኖም የተስተካከለው የመከላከያው ክፍል እንጂ ፕላትሌቱ አልነበረም። ፓርክማንና ባልደረቦቹ በቦስተን በ1978 የልጁን ነባር መቅኔ አስቀድመው በማጥፋት ሙሉ በሙሉ ፈወሱት። ዛሬ የሚገጥም ለጋሽ ላገኘና በሕፃንነቱ ለደረሰ ልጅ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ይድናሉ። ለጋሽ ላላገኘው ደግሞ የልጁን የራሱን መቅኔ ወስዶ ጤናማውን ዘረ መል በቫይረስ ተሸካሚነት ማስገባት ታሰበ። በጀርመን የተጀመረው ይህ ሙከራ በ2010 የታተመ ጊዜ ደስታው ታላቅ ነበር፤ ችፌው ጠፋ፣ ደሙ ቆመ። ነገር ግን ተሸካሚው ቫይረስ ካንሰር በሚቀሰቅሱ ዘረ መሎች አጠገብ ስለ ተሰካ፣ በዚያው ሙከራ ከታከሙት አሥር ልጆች ሰባቱ በደም ካንሰር ተያዙ። ይህን ቍጥር ሳነብ የተሰማኝን በቃል መግለጽ አይቀናኝም። ከዚያ በኋላ ሚላኖ ላይ በሌላ ዓይነት ተሸካሚ የተሠራው ሕክምና በ2013 በሦስት ልጆች ላይ የተገኘውን መልካም ውጤት አሳተመ፤ ይኸው ሕክምና በ2025 መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አግኝቷል። ፈቃዱን ያገኘው የመድኃኒት ኩባንያ ሳይሆን ቴሌቶን የተባለ የኢጣሊያ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሆኑንም ልብ ይሏል።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባናል? የመቅኔ ዝውውሩም የዘረ መል ሕክምናውም ከደጃችን ሩቅ ነው፤ በሽታውም ከአንድ ሚሊዮን ወንዶች መካከል ከ1 እስከ 10 ባለው ብቻ የሚታይ ነው» የሚለኝ ባልደረባ ሊኖር ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ይህ ነው፤ የሕክምናው ዳር ሩቅ ቢሆንም የምርመራው ደጅ በማይክሮስኮፓችን ሥር ነው። ፕላትሌት የሚያሳንሱ በሽታዎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ተራ በሆነው የመከላከያ ጥቃት ምክንያት ፕላትሌት ሲያልቅ፣ መቅኔ አዲስ ስለሚለቅ የሚታዩት ብዙ ጊዜ መደበኛ ወይም ትልልቅ ናቸው። ደቃቅ ፕላትሌት በወንድ ሕፃን ላይ ሲታይ ግን ዋስን ከማሰብ ወደ ኋላ ማለት አይገባም። ቈጣሪው መሣሪያ አማካይ መጠኑን ይሰጠናል ብለን እንዳንዘናጋ፤ ፕላትሌቱ እጅግ ሲያንስ መሣሪያው አማካይ መጠኑን ሳይሰጥ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ደሙ በኢዲቲኤ ውስጥ ሲቈይ ፕላትሌት ያብጣል፤ ስለዚህ ስላይዱ በቶሎ ይሠራ፤ ዓይንም ይየው።

ሁለተኛው የመጠየቅ ጉዳይ ነው። በአገራችን ልጅ በተከታታይ የሚሞትባት እናት ሾተላይ አለባት ትባላለች። እኛ የጤና ባለሙያዎች ዛሬ ቃሉን ለአር ኤች አለመጣጣም ሰጥተነዋል፤ መሠረት ያለው ነው። የደም ዓይነቷ ግን ይህን የማያሳይ ሆኖ ሲገኝ ጥያቄያችን ማብቃት የለበትም። የሞቱት ወንዶች ብቻ ናቸው ወይ? የእናቲቱ ወንድሞች፣ የልጁ አጎቶች በሕፃንነታቸው ሞተዋል ወይ? ጆሯቸው ይመግል ነበር ወይ? ገላቸው ያሳክካቸው ነበር ወይ? አንዲት እናት እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ላቦራቶሪ አያስፈልጋትም። በእናት በኩል ያለውን ሐረግ እንጠይቅ፤ ባል በዚህ በሽታ ረገድ ለወንድ ልጁ ኤክስ ክሮሞሶም አይሰጥምና የእርሱ ወገን ምንም አይነግረንም። ይህን ሳነሣ ጥፋቱን በእናት ላይ ለመጫን እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልኝ፤ ብዙ ሚስት ሾተላይ ተብላ ከቤቷ ወጥታለች።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ነው። በሽታው የሚጠረጠር ከሆነ ልጁ ሕያው ተዋስያን ያሉበትን ክትባት ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል። በእኛ መርሐ ግብር ቢሲጂና የአፍ ፖሊዮ የሚሰጡት ከልደት ጀምሮ ስለ ሆነ ለመጀመሪያው ልጅ ማንም አይደርስለትም፤ ለሚቀጥለው ወንድም ግን ይደረስለታል፤ ታላቁ በትክክል ተመዝግቦ ከሆነ። ደም መስጠት ካስፈለገም የለጋሹ ነጭ ሕዋሳት ልጁን እንዳያጠቁ በጨረር የታከመ ደም ይፈለጋል። ጣፊያን ማውጣት ፕላትሌቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ከበፊቱም ደካማ የነበረውን ልጅ ለደም መመረዝ ስለሚያጋልጠው ዛሬ ብዙዎቹ ሐኪሞች ይሸሹታል። እነዚህ ሁሉ የሚወሰኑት በአንድ መስመር ነው፤ በላቦራቶሪው ውጤት ላይ ከቍጥሩ ጎን በሚጻፍ መስመር።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስና ላብቃ። ያቺ እናት ስትለየኝ ያነሣቻት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ደኅናዋ ሴት ልጅ። ግምቴ ትክክል ቢሆንና እናቲቱ ተሸካሚ ብትሆን ኖሮ፣ ልጅቷም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ከሁለት አንድ ነው፤ ተሸካሚ ከሆነችም ከምትወልዳቸው ወንዶች በእያንዳንዱ ላይ ያለው ዕድል እንደዚሁ። ስትታይ ጤነኛ ናት፤ ደሟም በማይክሮስኮፕ ቢታይ ምንም አይገኝበትም። ያን ጊዜ ሕፃን ነበረች። ዛሬ የራሷን ልጅ ታቅፋ ወደ አንዳችን ላቦራቶሪ የምትመጣበት ዕድሜ ላይ ናት።